ላም አለኝ በሰማይ፦ ልጁን ለኢንተርኔት ትምህርት ቤት ለሚሰጥ ወላጅ

«ልጄን በኢንተርኔት ላስተምረው ወይ? ከሆነስ የትኛውን ትምህርት ቤት ልምረጥ?» የሚለው ጥያቄ ከጎንደር ከተማም፣ ከዳባትና ከደባርቅ በኩልም ካሉ ወላጆች እየተደጋገመ ይደርሰኛል። ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የተስፋፋው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፣ መምህሩ የሸሸበት፣ መንገዱ ያስፈራው ወላጅ ልጁ ሳይማር እንዳይቀርበት ያገኘውን ሁሉ ቢጨብጥ አይፈረድበትም። ሊፈረድበት የሚገባው ይህን ጭንቀት አይቶ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚያሰኝ ውል የሚያስፈርመው ነው።

እነዚህ ውል አስፈራሚዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ነጋዴ ነው፤ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ»፣ «ከቤትዎ ሳይወጡ»፣ «በዘመናዊ ቴክኖሎጂ የታገዘ» በሚሉ ቃላት የተሞላ ማስታወቂያ ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ሹመኛ ነው፤ ስለተዘጋው ትምህርት ቤት ሲጠይቁት ስለ «ዲጂታል ኢትዮጵያ» ይመልሳል። የመጀመሪያው ከወላጅ ኪስ ገንዘብ ማውጣት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ከራሱ ጫንቃ ኃላፊነት ማውረድ ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል የቆመው ወላጅ ግን የሚመክረው የለም። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። የኢንተርኔት ትምህርት ቤት በሚያሳየው መስኮት አይመረጥም። መስኮቱ በጨለመ ቀን በልጁ እጅ ምን ይቀራል? ልጁ ከትምህርቱ በቀረ ቀንስ ስሙን ጠርቶ «የት ገባ?» ብሎ የሚፈልገው ሰው ማን ነው? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ድርጅት፣ ማስታወቂያው የቱንም ያህል ቢያምር፣ በእኛ አገር ትምህርት ቤት ሊባል አይገባውም። ለምን እንዲህ እንደምል በማስረጃ ላስረዳ።

ያቺን ላም ከዚህ በፊት እናውቃታለን

በመስኮት የሚሰጥ ትምህርት ለኢትዮጵያ ልጆች አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ. በ2004) የኢሕአዴግ መንግሥት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሰቀለ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ፣ በሳተላይት አማካይነት በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ይሠራጭ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ፕላዝማው ይወስዳል፤ መምህሩ በመግቢያውና በመዝጊያው ላይ በምትተርፈው ደቂቃ ትምህርቱን ያስተዋውቃል፣ ያጠቃልላል። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ያን ድምፅ አይረሳውም፤ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያም መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ተማሪው ይመልስ አይመልስ፣ ይግባው አይግባው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ፤ ሳተላይቱ ለጎንደር ብሎ ወደ ኋላ አይመለስም።

ፕላዝማው ምንም አልጠቀመም አልልም። ላቦራቶሪ በዓይኑ አይቶ ለማያውቅ ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ በሥዕል ማሳየት ቀላል ውለታ አልነበረም። ጥፋቱ ማሽኑ የመምህሩ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ መምህሩ የማሽኑ አጋፋሪ መሆኑ ነበር። ተማሪው ግራ ሲገባው ዓይኑን አይቶ ቆም የሚለው፣ በአማርኛ መልሶ የሚያስረዳው፣ ሰነፉን ከጎበዙ አጠገብ የሚያስቀምጠው ሰው በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች መስኮቱ ግድግዳ ላይ ጨልሞ ሲቀር «ለዚህ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ያለ አንድም ሹም አላየሁም።

ይህን የማነሣው የሞተን ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ በኢንተርኔት ትምህርት ቤት ስም ከሚቀርብልን ነገር ብዙው ያው ፕላዝማ ስለሆነ ነው። የተቀረጸ ቪዲዮ ይላካል፤ ተማሪው ያየዋል ተብሎ ይታሰባል፤ ከዚያ ኮምፒውተር የሚያርመው ፈተና ይከተላል። ልዩነቱ መስኮቱ ከግድግዳ ወርዶ ስልክ ውስጥ መግባቱና ሂሳቡ ከመንግሥት ካዝና ወደ ወላጅ ኪስ መዞሩ ነው።

ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች ቤታቸው ቀሩ። ትምህርቱ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንደሚቀጥል ተነገረ። በከተማ ያለው፣ ያውም በግል ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ፣ በአባቱ ስልክ የተላከለትን መልመጃ ሠራ። ከራስ ዳሸን ሥር ያለው የበየዳ ልጅ፣ የጃናሞራ ልጅ፣ ከሊማሊሞ ገደል ማዶ ያለው የአዳርቃይ ልጅ ግን በጎቹን ነድቶ ወጣ። ኔትወርክ ለመያዝ ኮረብታ መውጣት በሚያስፈልግበት አገር፣ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ የኤሌክትሪክ መብራት በማያገኝበት አገር፣ «ትምህርቱ ቀጥሏል» የሚለው ዜና የሚናገረው ስለማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

መብራትና ኔትወርክ በራሳቸው ጊዜ ቢጠፉ እንኳ «የድህነታችን ነው» ብለን እናልፍ ነበር። በእኛ አገር ግን ኢንተርኔት በትእዛዝም ይጠፋል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ በማኅበራዊ ገጾች ከወጣ በኋላ በድጋሚ ፈተናው ጊዜ ማኅበራዊ ገጾች ተዘጉ። በ2009 ዓ.ም. ለፈተናው ሲባል በመላ አገሪቱ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም.ም በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ሰነበተ። ነገሩን ልብ በሉት። ትምህርትን በኢንተርኔት እንድናገኝ የሚመክረን መንግሥት የትምህርትን ፈተና ለመጠበቅ ያገኘው መላ ኢንተርኔቱን ማጥፋት ነበር።

ከሁሉም የከበደው የደረሰብን ኋላ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔትም አብሮ ተዘጋ፤ ለረጅም ወራትም ሳይመለስ ቆየ። ትምህርት ቤቶቹ በተዘጉበት፣ ትምህርት በኢንተርኔት ከምንጊዜውም ይልቅ በተፈለገበት በዚያው ዘመን መስኮቱ ጨለመ ማለት ነው። እንግዲህ ለጎንደር ወላጅ የኔትወርክ መጥፋት አንድ ቀን ሊደርስ የሚችል አደጋ አይደለም፤ ደርሶ ያየው ነው። በዚህ ከተማ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት የሚሸጥ ሰው «ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ይስተካከላል፣ አታስቡ» ካለ፣ ውይይቱ እዚያው ላይ ማብቃት አለበት።

ወረቀቱስ ማን ያውቀዋል?

ከትምህርቱ ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል። ነሐሴ 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርት በመንግሥትም በግልም ተቋማት እንዲቆም በድንገት ወሰነ፤ የሕግና የመምህርነት ትምህርትንም ለግል ተቋማት ከለከለ። ከወራት በኋላ በርቀት ትምህርቱ ላይ የተጣለው እገዳ በቅድመ ሁኔታ ተነሣ። በዚያ መካከል ከደመወዙ ቀንሶ ሲከፍል የነበረው የርቀት ተማሪ ዕጣ ፈንታው በአንድ መግለጫ ሲዘጋና በሌላ መግለጫ ሲከፈት ተመልክቷል። በርቀትም ሆነ በኢንተርኔት የሚማር ሰው የተማረው ዋጋ የሚኖረው ፈቃድ ሰጪው እስካወቀው ድረስ እንደሆነ ያን ጊዜ ታይቷል።

ፈቃድ ብቻም አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የመውጫ ፈተና ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ በየሴሚስተሩ ጥሩ ውጤት ተሰጥቷቸው፣ ጋውን ለመልበስ ቀን ሲቆጥሩ የነበሩ ናቸው። ክፍያውን በሰዓቱ ሲቀበል የኖረ ተቋም ያን ሁሉ ዓመት «ልጅህ አልገባውም» አላላቸውም።

መንግሥታዊው ትምህርት ቤትም ቢሆን ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና የሚበልጠው አሥራ ሁለት ዓመት ካርድ ሲሰጠው ኖሮ በመጨረሻው ቀን ወድቋል። ስለዚህ የቆርቆሮ ጣሪያና ጥቁር ሰሌዳ ስላለው ብቻ አንዱን ትምህርት ቤት ከሌላው አላስበልጥም። የምለው ካርድ መስጠትና ማስተማር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። በአካል ሲገናኙ እንኳ እንዲህ ከተሸዋወድን በመስኮት በኩልማ ጥርጣሬያችን እጥፍ ሊሆን ይገባዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ።

ጎንደር ትምህርት ቤትን በምን ትመርጥ ነበር?

አባቶቻችን ትምህርት ቤት መምረጥ ያውቁበት ነበር። የአብነት ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ አገር ሲያቋርጥ ሕንጻ ፍለጋ አልነበረም። ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ወደ ጎንደር በአታ የሚሄደው በዚያ ያለው መምህር በሙያው የታወቀ፣ ምስክርነቱም በሁሉ ዘንድ የተከበረ ስለነበረ ነው። «የትኛው ትምህርት ቤት ተማርክ?» ከሚለው ይልቅ «ከማን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድም ነበር። ቅኔ የሚማረው ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲያስብ የዋለውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ እዚያው ያርመዋል፣ ያቃናዋል፣ ካልሆነም ያፈርስበታል። ልጁ ቢታመም፣ ቢጠፋ፣ ቢሰንፍ መምህሩ ያውቃል፤ መምህሩ ባያውቅ በአጠገቡ ያለው ጎጆ ውስጥ ያለው ጓደኛው ያውቃል።

ወደዚያ ዘመን እንመለስ እያልኩ አይደለም። ልጆቻችን ፊዚክስም፣ ኮምፒውተርም፣ እንግሊዝኛም ያስፈልጋቸዋል፤ ከኢንተርኔት የሚገኘውን ዕውቀት የሚንቅ ሰውም ሞኝ ነው። ነገር ግን ያ ሥርዓት የያዘው አንድ ነገር ዘመን አይሽረውም። ተማሪው በስሙ ይታወቃል፤ ሥራው በሰው ዓይን ይታረማል። ይህ ከጎደለ በሀብታም አገርም ቢሆን አይሠራም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚያስተምሩ ቻርተር ትምህርት ቤቶችን ከመደበኛዎቹ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የኢንተርኔት ተማሪዎቹ በሒሳብ በዓመት 180 የትምህርት ቀናት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። የአሜሪካ የትምህርት ዓመት ራሱ 180 ቀን ያህል ነው። በሒሳብ በኩል ዓመቱን ሙሉ እንዳልተማሩ ያህል ማለት ነው። ይህ የሆነው መብራት በማይጠፋበት፣ ኔትወርክ በማይዘጋበት አገር ነው።

ሲሠራ የታየበትንም ልጥቀስ። ኡራጓይ የእንግሊዝኛ መምህራን ቢያጥሯት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሩቅ ያለ መምህር በቪዲዮ እንዲያስተምር አደረገች። ነገር ግን የክፍሉን መምህር ከክፍሉ አላስወጣችም። በሩቅ ያለው ቋንቋውን ያስተምራል፤ በክፍሉ ያለው ልጆቹን ያውቃል፣ መልመጃውን ይከታተላል። መስመሩም አስቀድሞ በመንግሥት ወጪ እስከ ትምህርት ቤቱ ተዘርግቷል። እኛ ፕላዝማ ስንሰቅል መምህሩን ወደ ጎን ገፋነው፤ እነርሱ መስኮቱን በመምህሩ እጅ ሰጡት።

እንግዲህ ይህን ጠይቁ

ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ። መልሱንም በወረቀት ተቀበሉ።

አንደኛ፣ ኔትወርክ ለአንድ ወር ቢጠፋ ልጄ በምን ይማራል? የታተመ መጽሐፍና ሞጁል ትሰጣላችሁ? ቪዲዮው ስልክ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይታያል? መልመጃው በወረቀት ተሠርቶ ወደ እናንተ የሚደርስበት መንገድ አለ? መልሱ የለም ከሆነ የከፈላችሁት ለትምህርት አይደለም፤ ኔትወርክ ይኖራል ለሚል ተስፋ ነው።

ሁለተኛ፣ የልጄ መምህር ማን ይባላል? አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይይዛል? የልጄ ደብተር በስንት ቀን ታርሞ ይመለሳል? ለሦስት ቀን ቢጠፋ ማን ይደውልልኛል? ከመክፈላችሁም በፊት ልጁ አንድ ሳምንት ተምሮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ፈቃደኛ ያልሆነ ነጋዴ ዕቃውን ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱን ማን ሰጣችሁ? ለከፍተኛ ትምህርት ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ የትምህርት ዓይነት፣ ለዚያ ደረጃና በዚያ የማስተማሪያ መንገድ ፈቃድ መስጠቱን ከባለሥልጣኑ ራሱ አረጋግጡ፤ ተቋሙ በመደበኛ ለማስተማር የያዘው ፈቃድ ለኢንተርኔቱ ፈቃድ አይሆነውም። ለልጆች ከሆነ ደግሞ ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ወይም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና «ከዚህ የሚያመጣው ካርድ ተቀባይነት አለው ወይ? የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኝ አድርጎ የሚያስመዘግበውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዓለም አቀፍ ዲፕሎማ» የሚባለው ወረቀት ጎንደር ላይ ፈተና ካላስቀመጠ፣ ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ለመመለስም ካልረዳ፣ ግድግዳ ላይ ከመስቀል የሚያልፍ ጥቅም የለውም።

አራተኛ፣ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የተማሪ ክፍያው ብቻ ሳይሆን ስልኩ፣ የዳታ ጥቅሉ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያስፈልገው ሶላር ወይም ባትሪ ይደመር። ሁለት ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ አንድ ስልክ ለሦስት ክፍል እንደማይበቃ ያስብ። የዓመቱን በአንድ ጊዜ አትክፈሉ፤ በወር በወሩ ክፈሉ። ወይፈን ሸጦ ለዓመት የከፈለ ገበሬ ኔትወርክ በሁለተኛው ወር ቢጠፋ ወይፈኑም የለም፣ ትምህርቱም የለም።

አምስተኛ፣ በልጁ አጠገብ ማን ይቀመጣል? ገና ማንበብ ያልለመደ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ በመስኮት ብቻ ፊደል አይቆጥርም። ለትንንሾቹ የሚሻለውን ልንገራችሁ፦ አምስት ስድስት ጎረቤት ተሰብስቡና ለኢንተርኔት ትምህርት ቤት ልትከፍሉት ያሰባችሁትን አዋጡ፤ ጦርነቱ ከሥራው ያራቀው መምህር በየሰፈሩ አለና ልጆቹን በአንድ ቤት ሰብስቦ በመንግሥት መጽሐፍ ያስተምራቸው። ኢንተርኔት ሲገኝ ለመምህሩ መጽሐፍና ቪዲዮ ማውረጃ ይሁነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ ለብቻቸው ከሚማሩ አብረው ቢማሩ ይበረታሉ።

ስድስተኛ፣ ልጃችሁ ሴት ከሆነች ይህን አስቡ። ስልኩ ያለው በማን እጅ ነው? እቤት የዋለች ልጅ «ትምህርት ላይ ነኝ» ብትል ከውኃው፣ ከእንጨቱ፣ ከሊጡ ማን ያድናታል? በደጋው አገር ትምህርት ቤት ለሴት ልጅ የትምህርት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚያዘገይላት ምክንያትም ነው። ደብተር ይዛ በየጠዋቱ ከቤት የምትወጣን ልጅ «ተማሪ ናት» ብሎ የሚተዋት ጠያቂ፣ እቤት የተቀመጠችውን «ምን ትጠብቃለች?» ይላታል። ስለዚህ ለእርሷ የመማሪያ ሰዓቷን ማስከበር፣ ከቤት ውጭ ከጓደኞቿ ጋር የምትማርበትን ቦታ መፈለግ ከትምህርት ቤቱ ምርጫ እኩል ይመዝናል።

«ከምንም ይሻላል» ለሚሉን

እዚህ ላይ የሚሰነዘርብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ልጁ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ይህም ቢሆን አይሻልም ወይ?» ይሉኛል። ተቃውሞው ከወላጅ አፍ ሲወጣ አከብረዋለሁ። ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች የመለሰ ትምህርት ቤት ካገኘ፣ ልጁም ደረሰና ራሱን የሚቆጣጠር ከሆነ፣ ይማር እላለሁ። አሥረኛ ክፍል የደረሰ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት የሚከታተለው የጎንደር ልጅ ከኢንተርኔት ብዙ ሊያተርፍ ይችላል።

ያው ተቃውሞ ከሹመኛ አፍ ሲወጣ ግን አልቀበለውም። «ከምንም ይሻላል» ማለት ያለበት ምንም ያጣ ሰው ነው፤ ምንም ያሳጣው ወገን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለትምህርትና ለመሳሰሉት ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ግዴታ ወላጅ ስልክ ስለገዛ አይወርድም። የኢንተርኔት ትምህርት «ከምንም» የሚከፋበት ጊዜም አለ፤ የተዘጋው ትምህርት ቤት እንደተከፈተ ተቆጥሮ ጥያቄው ሲቀበር፣ ከፍሎ የሚማረው የከተማ ልጅ «ትምህርት ቀጥሏል» ለሚል ሪፖርት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ፣ የበየዳው እረኛ ከቁጥር ውጭ ይወጣል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ወገን ነው። መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የሌላው፣ እጁን ከትምህርት ቤትና ከመምህር ላይ ያንሣ፤ ጦሩን በክፍል አያስፍር፣ መምህሩን አያስፈራራ። መንግሥት ደግሞ በኢንተርኔት አስተምራለሁ ካለ በመጀመሪያ ኢንተርኔቱን ላይዘጋ ቃሉን በሕግ ይሰር፤ በኢንተርኔት የሚያስተምሩትን ድርጅቶች ዝርዝር ከነፈቃዳቸው ወላጅ በቀላሉ ሊያየው በሚችል ቦታ ይለጥፍ፤ ለማይደርስባቸው ወረዳዎች የታተመ መጽሐፍና ራዲዮ ያድርስ። ራዲዮ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ቆላም ደጋም ይሰማል፤ ለሰሜን ተራሮች ልጅ ከስልክ ይልቅ የሚቀርበው እርሱ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ለዘመናዊ ነገር ባይተዋር እንዳትባሉ ብላችሁ አትሸማቀቁ። ልጃችሁን ለአብነት መምህር ስትሰጡ የምትጠይቁትን ያህል ለኢንተርኔቱም ጠይቁ። አስተማሪውን በስም እወቁት፤ ደብተሩን ገልጣችሁ እርማቱን እዩ፤ ፈቃዱን ከሰጪው ዘንድ አጣሩ፤ መስኮቱ ሲጨልም ልጁ የሚያነበው መጽሐፍ ቤታችሁ መኖሩን አረጋግጡ። ይህን ሁሉ ካሟላ ገንዘባችሁን ስጡት። ካላሟላ ግን ያቺ ላም በሰማይ ትቅር፤ እናንተ ወተቱን የምታዩላትን በደጃችሁ እሰሩ።

ቸር ይግጠመን።